የኢንዱስትሪ አደገኛ ቆሻሻ የጋራ ማከሚያና መልሶ መጠቀሚያ ጣቢያ፦ ከጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ጎንደርና ዙሪያዋ ጋራዥ፣ ማተሚያ ቤት፣ የቀለም ቅብ ቤት፣ የብረታ ብረት ወርክሾፕ፣ ፋብሪካ ወይም ላቦራቶሪ ለሚያንቀሳቅሱ የተዘጋጀ ነው። ከተማ የሚጋራው አንድ የአደገኛ ቆሻሻ ጣቢያ ምን ይሠራል፣ ከቆሻሻው ምን ይመልሳል፣ ምን ላይስ ይሰናከላል ለሚሉት መልስ ይሰጣል።

አደገኛ ቆሻሻ የምትሉት የትኛውን ነው?

ከአራት ጠባዮች ቢያንስ አንዱ ያለበትን ነው። በቀላሉ የሚቀጣጠል፤ ብረትና ቆዳ የሚበላ፤ ከውሃ ወይም ከሌላ ነገር ጋር ሲገናኝ የሚፈላ፣ የሚፈነዳ ወይም ጋዝ የሚያወጣ፤ መርዛማ የሆነ። ወደ ሰፈራችን ስናወርደው፦ የተቃጠለ የሞተር ዘይትና የዘይት ፊልትሮ፣ አሮጌ ባትሪ፣ ቲነርና የቀለም ዝቃጭ፣ የማተሚያ ማሽን ማጠቢያ፣ የአሮጌ ትራንስፎርመር ዘይት፣ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ፣ ብረት የሚታጠብበት አሲድ፣ በትምህርት ቤትና በላቦራቶሪ መደርደሪያ ላይ ዓመታት ያስቆጠረ ኬሚካል፣ የተቃጠለ ፍሎረሰንት አምፖል።

የቢራና የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ፍሳሽም እዚያ ይገባል?

በአብዛኛው አይገባም። የቢራ ፍሳሽ ስኳር፣ እርሾና የገብስ ቅሪት ነው። ወንዝ ሲገባ የሚጎዳውም በመርዝነቱ ሳይሆን ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ስለሚጨርስ ነው፤ ለዚያ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ያለ በባክቴሪያ የሚሠራ ማጣሪያ ይበቃዋል። የብቅሉ አተላም ቆሻሻ አይባልም፣ ከብት የሚደልብበት መኖ ነው። ወደ ጋራ ጣቢያው የሚሄደው ከዚያው ግቢ የሚወጣው ሌላው ነው፦ የማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰር ዘይት፣ የላቦራቶሪ ሪኤጀንት፣ ጊዜው ያለፈበት የቦይለር ኬሚካል። እነዚህን ከቢራው ፍሳሽ ጋር መልቀቅ ማጣሪያውን የሚያንቀሳቅሱትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ ማጣሪያው እንደገና እስኪያንሰራራ ሳምንታት ይፈጃል።

እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ለምን አያክምም? የጋራ መሆኑ ምን ይጨምራል?

ሦስት ነገር ይጨምራል፤ ሦስቱም ከብዛት የሚመጡ ናቸው።

መጀመሪያ መጠን። አንድ ጋራዥ በወር አንድ በርሜል፣ 200 ሊትር የተቃጠለ ዘይት አወጣ እንበል። ለአንድ በርሜል ማጣሪያ የሚተክል የለም። መቶ ጋራዥ ሲሰበሰብ ግን በወር 20,000 ሊትር ይሆናል፣ ወደ 18 ቶን ማለት ነው። በደህና ማጣሪያ ከዚህ 65 በመቶው ተመልሶ አዲስ የሞተር ዘይት የሚሠራበት መነሻ ዘይት ሊሆን ይችላል፤ 13,000 ሊትር። ባለ አንድ በርሜሉ ቆሻሻ አለው፣ ባለ መቶ በርሜሉ ግን ጥሬ ዕቃ አለው።

ሁለተኛ እርስ በርስ መጠፋፋት። ብረት አጣቢው አሲድ ይጥላል፣ ሌላው ኮስቲክ ሶዳ ይጥላል። ለየብቻ ሁለቱም መድኃኒት ተገዝቶላቸው መታከም ነበረባቸው። አንድ ጣቢያ ውስጥ ግን በባለሙያ እጅ፣ በልክና ቀስ በቀስ፣ አንዱ የሌላው መድኃኒት ይሆናል። የኬሚካል ወጪው በዚሁ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ እኛ ግን ከሁሉም እናስቀድመዋለን። እሱም በሩ ነው። ጣቢያ ሲባል ሰው ምድጃና ጭስ ማውጫ ይታየዋል። ዋናው ሀብቱ ግን መግቢያው ላይ ያለው ኬሚስትና ትንሽ ላቦራቶሪ ነው። እዚያ ያልተለየ ቆሻሻ ውስጥ ከገባ በኋላ የትኛውም ማሽን አይለየውም።

እስኪ በሩ ላይ የሚሆነውን ንገሩን።

በርሜሉ ሲወርድ መጀመሪያ ይታያል። ክዳኑ ያበጠ በርሜል ውስጡ ጋዝ አለ ማለት ነው፤ በመፍቻ አይነካም፣ ለብቻው ጥላ ላይ ይቆያል። ደህናው በርሜል ይከፈትና ረጅም የመስታወት ቱቦ በቀስታ እስከ ወለሉ ድረስ ይሰደዳል፤ ላዩ በጣት ወይም በቡሽ ይደፈንና ይወጣል። ቱቦው ውስጥ በርሜሉ እንደ ተቆረጠ ዳቦ በንብርብር ይታያል፦ ከታች ጭቃ፣ ከዚያ ውሃ፣ ከላይ ጥቁር ዘይት። ሻጩ «ዘይት ነው» ያለው በርሜል ሲሶው ውሃ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ በተለይ በክረምት፣ ክዳኑን ያልገጠመ ሰው ሲያመጣው።

ቀጥሎ አንዲት ጠብታ እስከ 150 ዲግሪ በጋለ ብረት ላይ ትጣላለች። ከተንጣጣች ውሃ አለ፣ ዝም ብላ ከጨሰች የለም። ከዚያ የመዳብ ሽቦ በእሳት ቀልቶ ዘይቱ ውስጥ ይነከርና ተመልሶ እሳቱ ላይ ይያዛል። ነበልባሉ ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት። ይህ ማለት አንድ ሰው የዘይት ማጠቢያ ሶልቬንት ወይም ከዚያ የከፋ ነገር ደባልቆበታል ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1,000 ሚሊ ግራም በኪሎ በላይ ክሎሪን ያለው የተቃጠለ ዘይት፣ ተቃራኒው ካልተረጋገጠ በቀር፣ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ይታያል። የውሃማው ቆሻሻ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መጠን፣ በወረቀት ይለካል፤ ሳያናይድ የሚጠረጠርበት ካለ ከአሲዱ ክፍል ፈጽሞ ይለያል፣ ምክንያቱም ሁለቱ ከተገናኙ በትንፋሽ የሚገድል ጋዝ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሩብ ሰዓቱን ለመቆጠብ ሲባል በሩ ክፍት የተተወበት ጣቢያ አንድ ቀን ታንከሩን በሙሉ ያበላሻል፦ ክሎሪን ያለበት አንድ በርሜል ከሃምሳ ንጹሕ በርሜል ጋር ሲደባለቅ ሃምሳ አንድ የተበላሸ በርሜል ይሆናል።

የተቃጠለ ዘይት ለምስጥ መከላከያ እንቀባዋለን፤ ምን ችግር አለው?

ለአጥርና ለጣሪያ እንጨት መቀባቱ የቆየ ልማድ ነው፤ ምስጡንም ለጊዜው ያባርራል። ነገር ግን ሞተር ውስጥ የቆየ ዘይት ከብረቱ የተፋቀ ብናኝ፣ እርሳስና ሌሎች ከባድ ብረቶች፣ በተጨማሪም በቃጠሎ የተፈጠሩ ካንሰር አምጪ ውህዶች ይዟል። ዝናብ ከእንጨቱ አጥቦ ጓሮ ያወርደዋል፤ ጎመኑ ያለው እዚያ ነው።

ጣቢያው ላይ መንገዱ እንዲህ ነው። ዘይቱ በሙቅ ታንከር ይቆማል፣ ጭቃና ውሃ ከታች ይወርዳል። የቀረው ውሃ ተሞቆ ይተናል፤ ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ ውሃ በ93 ዲግሪ ነው የሚፈላው፣ ይህ እንኳ ለነዳጅ ቁጠባ ይረዳል። ከዚያ በቫኪዩም ይጣራል። የአየር ግፊቱ የሚቀነሰው ዘይቱን በአነስተኛ ሙቀት ለማትነን ነው፤ ያለዚያ ዘይቱ ይሰነጠቃል፣ ይከስላል፣ ቱቦውን ይደፍናል። አንዳንዱ ርካሽ ማጣሪያ በሰልፈሪክ አሲድና በሸክላ ዱቄት ይሠራል። ዘይቱ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚቀረው ጥቁር የአሲድ ዝቃጭ ከገባው ዘይት የባሰ መርዝ ነው። «ማጣሪያ አለን» የሚል ሰው ሲያገኙ መጀመሪያ ዝቃጩን የት እንደሚያደርገው ይጠይቁ።

ለማጣሪያ የማይበቃው ዘይት ማገዶ ይሆናል። የሙቀት ጉልበቱ በኪሎ 40 ሜጋጁል ያህል ነው፣ ከፈርነስ ዘይት ብዙ አያንስም። የሚቃጠለው ግን በሲሚንቶ ምድጃ እንጂ በዳቦ ቤት ምድጃ አይደለም። ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ እርሳሱ ዳቦው ላይ ያርፋል።

አሮጌ ባትሪ ቆራሌው ይገዛናል። ለምን ለጣቢያ እንሰጣለን?

60 አምፔር ሰዓት የሆነ የመኪና ባትሪ ወደ 15 ኪሎ ይመዝናል፣ ከዚያ ከ9 እስከ 10 ኪሎው እርሳስ ነው። ቆራሌው የሚገዛውም ለዚህ ነው፤ እኛም ቆራሌው ገበያውን ይልቀቅ አንልም። የጉዳቱ ስፍራ ከእሱ በኋላ ነው። ባትሪው በመዶሻ ይሰበራል፣ አሲዱ ሜዳ ላይ ይደፋል፣ ፕሌቱ በከሰል ምድጃ ይቀልጣል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ማንም ጓሮው ውስጥ ሊያቀልጠው ይችላል፤ ፕሌቱ ላይ ያለው ዱቄት ግን እርሳስ ሆኖ ለመመለስ 1,000 ዲግሪ ገደማ ምድጃ ይፈልጋል። ስለዚህ ጓሮ ውስጥ ብዙው ከአመዱ ጋር ይጣላል፣ ሌላው በጭስ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስ «ጉዳት የለውም» የሚባል መጠን እንደሌለ ይናገራል፤ ከሁሉም የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው፣ አፈር ላይ ስለሚጫወቱ።

ጣቢያው ባትሪውን ሙሉውን ከነአሲዱ ይወስዳል፤ ይሰብረዋል፣ ፕላስቲኩን ያጥባል፣ እርሳሱን ለማቅለጫ ያዘጋጃል፣ አሲዱን በኖራ ያረግባል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አንድ ባትሪ ውስጥ 4 ሊትር ያህል አሲድ አለ፤ እሱን ለማርገብ 1.4 ኪሎ ንጹሕ የተሟሸ ኖራ ይበቃል፣ የገበያው ኖራ ግን ንጹሕ ስላልሆነ 2 ኪሎ ይያዛል። የፋሲል ግንብ የተገነባበት ኖራ ነው፤ ለዚህም ያገለግላል። ሥርዓቱ አንድ ነው፦ አሲዱ ወደ ኖራው ውሃ በቀጭኑ ይፈስሳል እንጂ ውሃ አሲድ ላይ አይገለበጥም፣ ይፈነዳልና። ቤትዎ አይሞክሩት፤ የረገበው አሲድ ራሱ የሟሟ እርሳስ ስላለበት ዝቃጩ ገና ቆሻሻ ነው። አሲዱን ደፍተው ባዶ ባትሪ ካመጡ ጣቢያው ግማሹን ሥራ አጥቷል፣ ግቢዎም ሌላውን ግማሽ ተቀብሏል።

የሊቲየም ባትሪ ከዚህ ጋር አይቀላቀልም። እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ወደፊት መምጣቱ አይቀርም። ከተበሳ ወይም ከተጨፈለቀ ለማጥፋት በጣም የሚያስቸግር እሳት ሊያነሳ ይችላል። ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው፣ በደረቅ አሸዋ ውስጥ ተቀምጠው፣ ከሌላው ርቀው ይምጡ።

ቲነርስ? ከቀለሙ ጋር ጠፍቶ አይደለም?

አልጠፋም። ቀለሙ ወደ ታች ይቀመጣል፣ ቲነሩ ተኖ ተመልሶ ይጠራል፤ ከጥሩ ቆሻሻ ቲነር ከመቶ 70 እስከ 80 ያህሉ ይመለሳል። እዚህም ከፍታው ሂሳብ ይቀይራል። ቲነር ውስጥ ያለው ቶሉዊን ባሕር ዳርቻ ላይ በ111 ዲግሪ ይፈላል፣ እዚህ በ102። በሌላ አገር የተስተካከለ ቴርሞስታት እንዳለ ከተተወ ዝቃጩ ከልክ በላይ ይጋላል። የዕቃ ቤት ስፕሬይ ቀቢዎች የሚጠቀሙት ላከር ደግሞ ብዙ ጊዜ ናይትሮሴሉሎስ አለው፤ ይህ ደረቅ ሲሆን ራሱ ፈንጂ ነው። ስለዚህ ዲስቲሌሽኑ እስከ ድርቀት አይደረስም፤ ታች ላይ ቀጭን የሚፈስ ዝቃጭ ሲቀር ይቆማል።

ክሮም ያለበት ፍሳሽ እንዴት ይታከማል?

ብርቱካናማው ክሮም፣ ስድስት የሚባለው፣ ካንሰር አምጪ ነው፤ አረንጓዴው፣ ሦስት የሚባለው፣ በጣም ያነሰ ጉዳት አለው። ሥራው አንደኛውን ወደ ሁለተኛው መቀየር ነው። መጀመሪያ አሲድ ተጨምሮ ፒኤች ወደ 2 ወይም 3 ይወርዳል። ከዚያ ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ይጨመራል፤ በስሌት ለአንድ ኪሎ ክሮም 2.7 ኪሎ፣ በተግባር 3 ኪሎ ወይም ትንሽ በላይ። ቀለሙ ከብርቱካን ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ በዓይን ይታያል። ከዚያ ኖራ ተጨምሮ ፒኤች ከ8 እስከ 9 ይወጣል፣ ክሮሙ እንደ ጭቃ ወደ ታች ይወርዳል።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። ቀለሙ ሳይቀየር ኖራ ከተጨመረ ብርቱካናማው ሟሟ እንደሆነ ያልፋል፣ ላዩ ግልጽ ቢጫ ይሆናል። ኖራው ከበዛ ደግሞ የወረደው ክሮም ተመልሶ ይሟሟል። ጥሩ ኦፕሬተር ፒኤች ሜትሩን በየማለዳው ያስተካክላል።

የሚቀረው ጭቃ 97 በመቶው ውሃ ነው። 1,000 ኪሎ ጭቃ በፊልተር ፕሬስ ተጨምቆ 35 በመቶ ደረቅ ሲሆን 86 ኪሎ ይቀራል። ከዚህ ወደ ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር፣ ወደ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ውሃ ጭኖ የሚሄድ መኪና የሚያወጣውን ነዳጅ ለራስዎ ያስሉት።

የማይመለሰውስ? ይቃጠላል?

የሚቃጠለው ይቃጠላል፣ እንደ ቆሻሻው ዓይነት ቢያንስ በ850 ዲግሪ ለሁለት ሴኮንድ፣ ክሎሪን የበዛበት ደግሞ በ1,100 ዲግሪ። ጋዙ ሲቀዘቅዝ ከ450 ወደ 200 ዲግሪ ያለውን መንገድ በፍጥነት ማለፍ አለበት፤ ዳይኦክሲን የሚባለው ከባድ መርዝ እንደገና የሚሠራው እዚያ ነው።

ለጎንደር የምንመክረው ግን አዲስ ትልቅ ምድጃ አይደለም። የሲሚንቶ ምድጃ ድንጋዩን እስከ 1,450 ዲግሪ ያደርሳል፣ ነበልባሉ 2,000 ዲግሪ ይደርሳል፤ አመዱም ሲሚንቶው ውስጥ ይቀራል። ጣቢያው ዘይቱን፣ ዝቃጩንና ቀለሙን ለይቶ፣ ክሎሪኑን ለክቶ፣ ተመሳሳይ አድርጎ አዘጋጅቶ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ቢያስረክብ የራሱን ምድጃ ከመትከል ይሻላል። ሜርኩሪ ያለበት ግን አይላክም፤ ምድጃው አይይዘውም፣ በጭስ ማውጫው ይወጣል።

ማቃጠያ ገዝተው ለሚያስመጡ አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚህ የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው 77 በመቶ ነው። ለባሕር ዳርቻ የተለካ ነፋሻ እዚህ ሲዞር ከሚያስፈልገው ኦክስጅን ሩብ ገደማ ያጎድላል፤ ጥቁር ጭስ የሚታየው በዚያ ነው። ትእዛዙ ላይ ከፍታው ይጻፍ።

የሆስፒታልና የክሊኒክ ቆሻሻንም ሊወስድ ይችላል?

ይችላል፣ በተለየ ክፍል። አብዛኛው የሚታከመው በእንፋሎት ግፊት ነው፣ 121 ዲግሪ። እዚህ የሚሠራው ስሕተት ግፊቱን ከመመሪያው ማንበብ ነው። መመሪያው 1.03 ባር ይላል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ያ 121 ዲግሪ ነው፣ ጎንደር ላይ ግን 117 ብቻ። 121 ለመድረስ ጌጁ 1.27 ባር ገደማ ማንበብ አለበት፤ መሣሪያው ያንን እንዲችል መረጋገጥ ይገባዋል። ደህንነቱ የሚለካው በሙቀት መለኪያና በባክቴሪያ ዘር ሙከራ እንጂ በግፊት ጌጅ አይደለም።

የት ነው መተከል ያለበት? ወንዞቻችንን አይበክልም?

ቀሃ፣ አንገረብና ሽንታ ወደ መገጭ ወንዝ ይገባሉ፣ መገጭ ጣና ይገባል። ጣና ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙ አይበልጥም፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ነው። የከተማውን ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ ደግሞ ላይኛው ላይ ነው። ስለዚህ ከግድቡ በላይ ያለ ማንኛውም ቦታ ወዲያው ይሰረዛል፣ የጎርፍ ሜዳውም እንዲሁ።

አዘዞና ደምቢያ በኩል ያለው ጥቁር አፈር፣ መረሬው፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከላዩ ሲታይ «ሸክላ ነው፣ ውሃ አያሳልፍም» ያሰኛል፤ በሚያዝያ ግን በስንጥቁ እጅ ይገባል። ስለዚህ የመጨረሻ ማከማቻው ወለል የተጠቀጠቀ ሸክላ፣ በላዩ ወፍራም የፕላስቲክ ንጣፍ፣ በላዩ ፍሳሽ ሰብሳቢ ጠጠርና ቱቦ ያስፈልገዋል፤ ዙሪያውን ደግሞ የውሃ መመርመሪያ ጉድጓዶች፣ ከላይ አንድና ከታች ቢያንስ ሁለት። የከርሰ ምድሩ ውሃ የሚመረመረው ቆሻሻ ከመግባቱ በፊት ጭምር ነው፣ ያለዚያ ነገ ማነጻጸሪያ አይኖርም።

ትልቁ ጠላት ክረምቱ ነው። የጎንደር ዝናብ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም። አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ሊትር ነው። 2,000 ካሬ ሜትር ክፍት ጉድጓድ ስለዚህ በዓመት ከ2,000 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይጠጣል፣ ያ ሁሉ ደግሞ መታከም ያለበት ፍሳሽ ይሆናል፤ 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ 200 ጊዜ ተመላልሶ አይጨርሰውም። ጣሪያ ከፍሳሽ ማጣሪያ ይረክሳል። ጣሪያ የሌለው ማከማቻ የያዘ ዲዛይን ሲቀርብልዎ አይፈርሙ።

ጋራዤ ትንሽ ናት። እስከዚያው ምን ላድርግ?

ጣቢያ ኖረም አልኖረም፣ የሚከተለው ዛሬ ይሠራል፣ ወጪውም ትንሽ ነው።

ሦስት መያዣ ያዘጋጁ፦ ለዘይት፣ ለቲነርና ቀለም፣ ለፍሬንና ለፍሪሲዮን ዘይት ለየብቻ። ባትሪ ቆሞ፣ በእንጨት ፓሌት ላይ። ላያቸው ላይ በቀለም ምን እንደሆነና የተጀመረበትን ቀን ይጻፉ። በርሜሉን እስከ አፉ አይሙሉት፣ አራት ጣት ያህል ይተዉለት፤ በበጋ ፀሐይ ዘይት ይለጠጣል። በርሜሎቹ ከጣሪያ በታች፣ ወለሉ አርማታ በሆነ፣ ዙሪያው አንድ ብሎኬት ያህል ከፍ ባለ ገንዳ ውስጥ ይቁሙ፤ ገንዳው ትልቁን በርሜል ሙሉውን ቢፈስ መያዝ አለበት። የዘይት ፊልትሮ ተገልብጦ አንድ ሌሊት ይንጠፍጠፍ፣ ከዚያ ለብቻው።

ሰጋቱራ ለፈሰሰ ዘይት ጥሩ ነው። ለአሲድ ግን አሸዋና ኖራ ብቻ፤ ናይትሪክ አሲድ ሰጋቱራ ላይ ሲፈስ እሳት ይነሳል። በረኪናና አሲድ በአንድ ባልዲ አይገናኙ፣ የሚወጣው ክሎሪን ሳንባ ያቃጥላል። ጓንት፣ መነጽርና ቦት ጫማ ከመፍቻው ጋር አንድ ቦታ ይስቀሉ፣ ሩቅ የተሰቀለ አይለበስም።

ማጓጓዙስ እንዴት ነው?

እያንዳንዱ ጭነት የሰነድ ሰንሰለት ይኖረዋል፦ ያወጣው፣ ያጓጓዘው፣ የተቀበለውና የሚቆጣጠረው አካል አንድ አንድ ቅጂ ይይዛሉ። አንዱ ቅጂ ሳይመለስ ከቀረ ቆሻሻው መንገድ ላይ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ያኔ ይጠየቃል። አሲድና ሳያናይድ፣ ወይም አሲድና ሊቲየም፣ በአንድ መኪና አይጫኑም። ባጃጅ ለዚህ አይሆንም፣ አንዲት ባትሪም ብትሆን ከተሳፋሪ ጋር አትጫንም።

ሕጉ ምን ይላል?

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ያለ ፈቃድ አደገኛ ቆሻሻ ማመንጨት፣ ማከማቸት፣ ማጓጓዝ፣ ማከምና ማስወገድ ይከለክላል። ከዚያ በኋላ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ጉዳዩን ለብቻው አወጣው። ኢትዮጵያ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አደገኛ ቆሻሻ ድንበር ሲሻገር የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት አባል ናት፤ ቆሻሻ ወደ ውጭ ለመላክ ተቀባዩም በመንገድ ያሉትም አገሮች አስቀድመው በጽሑፍ መስማማት አለባቸው። ባሕር የሌላት አገር ለዚህ ብዙ ወረቀትና ጊዜ ትከፍላለች፤ ወደ 1,500 ቶን ገደማ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ተሰብስቦ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ የተቃጠለው በዚሁ መንገድ ነበር። የአሮጌ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ያለው ፒሲቢ የሚባል ክሎሪን ያለበት መርዛማ ኬሚካልም፣ በቀላሉ የማይጠፉ መርዞችን በሚቆጣጠረው የስቶክሆልም ስምምነት እስከ 2028 እ.ኤ.አ. መወገድ አለበት፤ ከ50 ሚሊ ግራም በኪሎ በላይ ያለው ዘይት በማንኛውም ዓይነት ማጣሪያ አይቀላቀልም። ጥርጣሬ ያለበትን ትራንስፎርመር ዘይት ለብየዳ ወይም ለቆዳ ማሻሻ የሚቀዳ ሰው ካዩ ያስቁሙት።

ማነው የሚከፍለው? ውድ ከሆነስ?

ዋጋው በሩ ላይ ብቻ ከተጫነ ጣቢያው ይከስራል፣ ከተማውም አብሮ። በርሜል ለማስረከብ ብዙ የሚከፍል ሰው ሌሊት ቀሃ ይደፋዋል፤ ክረምት ላይ ማንም አያይም። ስለዚህ ዋጋው ቆሻሻው ሳይፈጠር፣ አዲስ ዘይትና አዲስ ባትሪ ሲገዛ፣ እንደ መያዣ ቢሰበሰብና አሮጌውን ያመጣ ሰው ቢመለስለት ይሻላል፤ ባትሪ ላይ ይህ በብዙ አገር ይሠራል። ዋጋ ያለው ዘይትና እርሳስ፣ ዋጋ የሌለውን ሳያናይድና ክሮም ይሸከማል። ጣቢያው ዘይትና ባትሪውን ብቻ መርጦ ሌላውን እንቢ ካለ ግን ከነጋዴ የሚለየው ነገር የለም።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመዝጊያ ገንዘብ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከየቶኑ ጥቂት ለብቻው ይቀመጣል፤ ጣቢያው ከተዘጋ በኋላ ማከማቻው ለአሥርተ ዓመታት ይጠበቃል።

ቆራሌዎችና ባትሪ ጠጋኞች ሥራቸውን አያጡም?

ቆራሌው ቢጠፋ ጣቢያው ሰብሳቢ ያጣል፤ በየሰፈሩ ገብቶ የሚያውቅ እሱ ነው። የሚቀረው መስበሩና ማቅለጡ ነው። ሙሉ ባትሪ በኪሎ ከተሰበረ ባትሪ በተሻለ ዋጋ ከተገዛ ማንም መዶሻ አያነሳም፤ ዋጋው ከዚህ ካነሰ ደግሞ ስብከት አይረዳም።

ባትሪ ስሞላ አሲድ ዓይኔ ውስጥ ቢገባስ?

ወዲያው በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ የዓይን ቆብ በጣት ተከፍቶ፣ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ሳይቋረጥ። ኖራም ሶዳም አይጨመርም። ሌንስ ካለ ይውጣ። መታጠቡ ሳይጨርስ ወደ ሐኪም አይሮጥም፤ ከታጠቡ በኋላ ግን ባይታመሙም ይሂዱ።